መጀመሪያ ፍቱ፣ ገንዘቡን በኋላ አውጡ

ሞተር ሳይክል ማሳመር ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው የሚገዛ ዕቃ ነው፤ አዲስ መሪ፣ አዲስ መብራት፣ አዲስ ማርሚታ። እኔ ገንዘብ ስላልነበረኝ የጀመርኩት በመፍታት ነው። ዛሬ ገንዘብ ባገኝም የምሄደው በዚያው መንገድ ነው።

ሞተሬ አሮጌ ሆንዳ ሲጂ 125 ነው። ለጀማሪም ሆነ ኪሱ ለሳሳ ሰው ከእሱ የተሻለ አላውቅም። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1976 ሲያወጣው፣ ጥገና በሰዓቱ የማያገኝ ሞተር እንደሚሆን አስቦ ነው የሠራው። ቫልቮቹን የሚከፍቷቸው ረጃጅም ዘንጎች ናቸው፤ ካም የሚባለውን የቫልቭ መክፈቻ ዘንግ የሚያዞር ካቴና የለውም። የሚቀዘቅዘውም በአየር ስለሆነ ራዲያተር፣ ፓምፕ፣ የውሃ ቱቦ የሚባል ጣጣ የለበትም። ብዙ ፋብሪካዎች ስለቀዱት ደግሞ መለዋወጫው ርካሽ ነው። ጥቂት ቁልፎች፣ ካቻቪቴና ፒንሳ ያለው ሰው እስከ ቻሲው ድረስ ሊፈታው ይችላል።

ከውበቱ በፊት ግን ገንዘቤ የሄደው ጎማና ፍሬን ላይ ነው። እዚህ ላይ ድርድር አላውቅም። ያገለገለ ጎማ ሲያቀርቡላችሁ ጥርሱን ብቻ አትዩ። ጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ፣ መጨረሻ ላይ ያሉትን አራት አሃዞች አንብቡ። 2319 ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ላስቲኩ የደረቀ ጎማ እርጥብ አስፋልት ላይ ይከዳል። ቀለም ሌላ ወር ቢጠብቅ ምንም አይሆንም፤ ያለቀ የፍሬን ሸራ ግን አንድ ቀንም አያድርም።

ከዚያ ወደ ቅርጹ ገባሁ። ሞተሩን ቀጥ አድርጌ አቁሜ ከጎን ፎቶ አነሳሁት፤ ፎቶውን አሳትሜ ስስ ወረቀት ላይ በእርሳስ ቀዳሁት። አንዱን ዕቃ በላጲስ እያጠፋሁ፣ ሌላውን እየመለስኩ ሳየው ዓይኔን ሲረብሸኝ የኖረው ነገር ተገለጠልኝ። የሰልባትዮው፣ ማለትም የቤንዚን ታንኩ፣ የታች ጠርዝ ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ መቀመጫው ወደ ላይ ይነሳል፣ ረጅሙ የኋላ ፓራፋንጎ ደግሞ ሁሉንም ወደ ታች ይጎትተዋል። ሰልባትዮውና መቀመጫው በአንድ መስመር ሲገጥሙ ሞተሩ ሌላ ሞተር ይሆናል። ለዚያ የሚያስፈልገው ደግሞ ሰልባትዮውን ከኋላ የሚያስረው ብሎን ሥር ጥቂት ዋሸር መደርደር ነው። ይህን ያህል ትንሽ ነገር ይህን ያህል መልክ ሲቀይር ማየት እስካሁን ያስደስተኛል።

መቀነስ ወጪ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተስፋፋው ቦበር የሚባለው ስልት ራሱ ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ የፊቱን ፓራፋንጎ ማውለቅ፣ የኋላውን ማሳጠር፣ ክብደት ማራገፍ። እኔም የዕቃ መጫኛውን፣ የተሳፋሪ መያዣውንና የኋላውን ፓራፋንጎ ግማሽ አነሳሁ። የፊቱን ግን አልነካሁትም፤ ጭቃውን ከኢንጅኑና ከፊቴ ላይ የሚያስቀርልኝ እሱ ነው። የፈታሁትን ብሎንና ዳዶ ሁሉ ከየት እንደወጣ እየጻፍኩ በየፌስታሉ አስቀመጥኩ። ያወለቅኩት ዕቃ ደህና ስለነበር ሸጬው የመቀመጫውን ስፖንጅና ቆዳ ገዛሁበት።

መቀመጫው ከሥሩ ኮምፔንሳቶ ነው። ልኩን አስቀድሜ በካርቶን አወጣሁ። ኮምፔንሳቶውን ከመቁረጤ በፊት ደግሞ የኋላ ሾክ አብዞርበሮቹን ፈትቼ ጎማውን ወደ ላይ እየገፋሁ ለካሁ። ይህን ልኬት ማንም ሰው ባይዘለው ደስ ይለኛል። ሞተሩ ቆሞ ሲታይ ጎማና መቀመጫ በጣም የተራራቁ ይመስላሉ፤ ሰው ጭናችሁ ጉድጓድ ስትገቡ ግን ጎማው መቀመጫውን ሊያገኘው ይችላል። ስፖንጁን ሁለት ድርብ አደረግኩት፤ ከታች ጠጠር ያለ፣ ከላይ ለስለስ ያለ። ቻሲውን አልቆረጥኩም። ብየዳ ጠንቅቆ የማያውቅ ሰው ቻሲ ላይ መጋዝ ባያሳርፍ ይሻላል።

ቀለሙ ላይ ብዙ ቆየሁ። በጣሳ የሚመጣው ስፕሬይ ቀለም በከንቱ ይናቃል፤ የሚያበላሸው ችኮላ ነው። ሰልባትዮውን በ320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፣ ጎድጓዳውን በስቱኮ ሞልቼ ደግሜ አለሰለስኩት፣ ፕራይመር ቀባሁት፣ ከዚያ በ600 ቁጥር ውሃ እያስነካሁ አሸሁት። ዓይን ያላየውን መዳፍ ያገኘዋል። ዓይኔን ጨፍኜ እጄን ቀስ ብዬ ሳስኬድ፣ ለስላሳ ነው ብዬ ባለፍኩት ቦታ ላይ የስቱኮው ጠርዝ ጣቴን ያዘኝ። ያ ጠርዝ እንዳለ ቀለም ቢያርፍበት ፀሐይ ላይ ከሩቅ ይታያል። የመጀመሪያው ርጭት የሥሩን መልክ እንኳ በቅጡ የማይሸፍን ስስ ይሁን፤ ሳይዝረበረብ የሚደርቀው እንደዚያ ሲሆን ነው።

የላይኛው ቫርኒሽ ነው ገንዘብ የሚገባው። ተራው ቫርኒሽ ቤንዚን ሲነካው ይለሰልሳል፤ ቤንዚን በሞላችሁ ቁጥር የክዳኑ ዙሪያ እየተላጠ ይሄዳል። ማጠንከሪያ ያለው ቫርኒሽ ይችለዋል። ነገር ግን ማጠንከሪያው ውስጥ አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል አለ፤ ሳንባ ይጎዳል፣ የጨርቅ ማስክም አያግደውም። ለኬሚካል ትነትና ለርጭት የተሠራ ማጣሪያ ያለው ማስክ ከሌላችሁ ይህን ሥራ ለቀለም ቀቢ ስጡት።

ኤሌክትሪኩ ቀላል ነው። ትንንሾቹን ኤልኢዲ ፍሬቻዎች ስትገጥሙ በጣም ቶሎ ቶሎ ብልጭ ካሉ አትደንግጡ። ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው የድሮው ሪሌ የለመደው የአምፖልን ጭነት ስለሆነ ነው፤ ለኤልኢዲ በሚሆን ሪሌ ስትቀይሩት ይስተካከላል።

የአየር ፊልትሮውን ሳጥን አውልቆ መጣል ግን አልስማማበትም። መሃሉ ክፍት ሆኖ ሲታይ ያምራል፣ አውቃለሁ። ኢንጅኑ ግን አየሩ ሲበዛለት ቤንዚኑ ያው ይሆንበታል፤ ይግላል፣ የካንዴላው ጫፍ ይነጣል። ካርቡራቶሩን እንደገና ማስተካከል ካልቻላችሁ ሳጥኑን ተዉት፤ ጥቁር ቀለም ብትቀቡት ዓይን ውስጥ አይገባም።

በርካሽ የአነዳዱን ጠባይ መቀየር ለሚፈልግ የምመክረው ካቴናው የሚዞርበትን የፊት ጥርስ ነው። የኋላው ባለ 45 ጥርስ ሆኖ የፊቱ ከ15 ጥርስ ወደ 14 ሲወርድ፣ ምጥጥኑ ከ3 ወደ 3.2 ገደማ ያድጋል። አንድ ጥርስ ብቻ ናት፤ ግን ሞተሩ ሲነሳ ወዲያው ይሰማችኋል። በምትኩ ፍጥነት ላይ ኢንጅኑ ይበልጥ ይጮኻል። የእኔ መንገድ ዳገት ስለሚበዛው 14ቱን አልቀይረውም፤ ረጅም ሜዳ የሚነዳ ሰው ግን 15ቱን ባይነካው እመርጣለሁ።