ቦዝ አንቀጽና «ነበር»

ጅማ፣ ጥቅምት

ረቂቅ ልብ ወለድ ሳነብ ከሴራው በፊት የግሦቹን መድረሻ አያለሁ። በአማርኛ የትረካውን ጊዜ የሚያስሮጠውም የሚገታውም እሱ ነው። ፈረንሳዊው ሃያሲ ዠራር ዠኔት ጉዳዩን በቅደም ተከተል፣ በቆይታና በድግግሞሽ ከፍሎታል። ክፍፍሉ ለእኛም ይሠራል፤ መሣሪያው ግን የራሳችን ነው።

ቆይታን እንውሰድ። «ቡናውን ለቅማ፣ አድርቃ፣ አስፈልፍላ፣ ገበያ አውጥታ ሸጠች።» ቀይ እሸት ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና፣ እስኪሆን ብቻ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ ቦዝ አንቀጹ፣ ማለትም እንደ «ለቅማ» እና «አድርቃ» ያለው ዐረፍተ ነገሩን የማይቋጭ ግሥ፣ ግን ወቅቱን ሙሉ በአንድ ትንፋሽ አሳለፈው። የታሪኩ ቋጠሮ ሚዛኑ ላይ ከሆነ ሰንሰለቱ እዚያ ይበጠስ፦ «ጆንያውን ሚዛኑ ላይ አወጣች። ነጋዴው መርፌውን አየ። ጉልበቱን ከጆንያው ሥር አላወጣም።» ማሰሪያ አንቀጽ (ዐረፍተ ነገሩን የሚቋጨው ግሥ)፣ አራት ነጥብ፣ እንደገና ማሰሪያ አንቀጽ። ጀማሪ ይሄንን ይገለብጠዋል፤ ለቁርሱና ለባጃጁ ሁለት ገጽ ሰጥቶ ጠቡን «ተጣልተው ተለያዩ» ብሎ ይሸኘዋል።

ምልሰት፣ ማለትም ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈን መተረክ፣ ሲገባ «ነበር» የሚያስፈልገው በሩ ላይ ነው። «ባሏ በዚያ ዓመት ቡናውን በአበባው ሸጦት ነበር። ብሩንም ተቀብሎ ነበር።» ከዚህ በኋላ ወደ ተራው ኃላፊ ጊዜ ይዞራል፦ «ማታ ነገራት። ዝም አለች።» እያንዳንዱን ግሥ በ«ነበር» የዘጋ ሰው ገጹን ያንቀረፍፈዋል። መመለሻው ደግሞ አሁን ውስጥ ብቻ ያለ ነገር ይፈልጋል፤ እዚህ የነጋዴው ጉልበት ይበቃል። በአምስት ገጽ ታሪክ ውስጥ ምልሰቱ ከአንድ ገጽ ካለፈ፣ እኔ ከዚያው ጀምር ነው የምለው።

«ሐሙስ ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ትወጣ ነበር» ውስጥ ያለው «ነበር» ሥራው ሌላ ነው፤ ልማድን ይነግራል። «አንድ ሐሙስ ግን» ሲባል ልማዱ ይሰበራል፣ ድርጊቱም ይጀመራል። ይህ ሳይባል ሦስት አንቀጽ ከሄደ አንባቢ ገና መግቢያ ላይ ያለ ይመስለዋል።

ንግርን፣ ማለትም የሚመጣውን አስቀድሞ መጠቆምን፣ በተመለከተ፦ «የመጨረሻዋ ሐሙስ መሆኑን አላወቀችም» ርካሽ ነው። የላላ የሚዛን ሰንሰለት በጨረፍታ ማሳየት ይሻላል።

የድሮ ጅማን ለሚጽፍ፣ የጣልያን ዘመን በእኛ አቆጣጠር ከ1928 እስከ 1933፣ በውጭ መጻሕፍት ከ1936 እስከ 1941 ነው። ሁለቱ ከተደባለቁ ገጸ ባሕሪው በአንድ ምዕራፍ ስምንት ዓመት ያረጃል።