ከቀትር በኋላ የሚግለው ኤክስካቫተር

ማሽኑ 20 ቶን ገደማ የሚመዝን ኤክስካቫተር ነው። ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ፣ በመልካ ጀብዱ በኩል፣ ለገልባጭ መኪኖች ጠጠር ይጭናል። ጠዋት ሰላም ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት ሲሆን ግን የሙቀት ጌጁ ቀዩን ይነካል፣ አላርሙ ይጮኻል፣ መኪኖቹ ይሰለፋሉ።

መጀመሪያ የተጠራው መካኒክ ቴርሞስታቱን፣ ማለትም የሞተሩን ውሃ መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ዕቃ፣ አውጥቶ ጣለው። «አቦ ተወው፣ ለድሬ ሙቀት ቴርሞስታት ምን ያደርጋል!» ብሎ። ብዙ ጋራዥ የሚሠራው ሥራ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነት ሞተር ግን ጉዳት ነው። ይህ ቴርሞስታት ሲከፈት ውሃውን ወደ ራዲያተር ከመልቀቁ ሌላ፣ ውሃው ራዲያተር ሳይደርስ ወደ ፓምፑ የሚመለስበትን አቋራጭም ይዘጋል። ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ ከፊሉ ውሃ እንደጋለ ይዞራል። በማግስቱ ማሽኑ ከወትሮው ቀድሞ ጋለ።

ኦፕሬተሩ ግን ማንም ልብ ያላለውን ነገር ተናግሮ ነበር፦ ከሰዓት በኋላ ቡሙ (ባልዲውን የሚያነሳው ትልቁ ክንድ) ይደክማል። ይህ ማለት ክንዱን የሚያንቀሳቅሰው የሃይድሮሊክ ዘይትም ከሞተሩ ውሃ ጋር አብሮ ይግላል ማለት ነው። ሁለቱ ውሃ አይጋሩም፤ የሚጋሩት የፋኑን አየር ነው። እንግዲህ የውሃ ፓምፕ ከመፍታትና የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩን ራስ ማሸጊያ) ከመጠርጠር በፊት አየሩ የት እንደተዘጋ ማየት ይገባ ነበር። ሞተሩ ጠፍቶ ከራዲያተሩ ጀርባ የእጅ ባትሪ ሲበራ በወዲያኛው በኩል ብርሃን አልታየም።

የሚገርመው ማሽኑ በየሳምንቱ ይታጠባል። የሚታጠበው ግን ከውጭ ወደ ውስጥ፣ በኃይለኛ ውሃ ነው። አቧራው በዘይት ማቀዝቀዣውና በራዲያተሩ መካከል ተገፍቶ ገብቶ፣ ከአንድ የሃይድሮሊክ ቱቦ በሚያዣው ዘይት ተለውሶ፣ ማቀዝቀዣው ተፈትቶ ሲጎተት እንደ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ወጣ።

አጸዳዱ እንዲህ ሆነ። ቅባት አስለቃቂ ፈሳሽ ተረጭቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ፣ ከፋኑ በኩል ወደ ውጭ በዝግታ በሚፈስ ውሃ ታጠበ፤ ከዚያ ከ2 ባር ባልበለጠ አየር ቀጥ ብሎ ተነፋ። አፈሙዙ ሲጠጋ ወይም ሲያጋድል ስስ ክንፎቹ ይታጠፋሉ፤ የታጠፈው ደግሞ ከቆሸሸው አይሻልም። በራዲያተሩ ጠርዝ ዙሪያ ያሉት ስፖንጆች ረግፈው ስለነበር ተተኩ፤ እነሱ ከሌሉ ፋኑ የተፋውን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። የሚያዣው ቱቦ ተቀየረ፣ ፋኑን የሚያዞረው ቺንጋ ተወጠረ፣ አዲስ ቴርሞስታትም ከነጓርኒሲዮኑ ገባ።

የራዲያተሩ ክዳንም ላስቲኩ ደርቆ ነበር። ርካሽ ስለሆነች ማንም አያያትም። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ ክዳን ሳይኖረው በ96 ዲግሪ ይፈላል፤ 0.9 ባር ግፊት የሚይዝ ደህና ክዳን ግን መፍያውን ወደ 116 ያደርሰዋል።

አላርም ሲጮኽ ኦፕሬተሩ ወዲያው ማጥፋት ለምዶ ነበር። ቺንጋ ካልተበጠሰ ወይም ውሃ ካልፈሰሰ ይህ አይደረግም፤ ሲጠፋ ዝውውሩ ይቆምና በቴስታታው የቀረው ሙቀት ውሃውን ያፈላዋል። ባልዲውን መሬት አሳርፎ፣ በዝቅተኛ ዙር 5 ደቂቃ ማስኬድ ነው። ክዳኑን መክፈት ራዲያተሩ በእጅ ሲነካ ካላቃጠለ በኋላ ብቻ። በጋለ ሞተር ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ቴስታታ ይሰነጥቃል።

የመጨረሻው ሥራ ውሃው ነበር። ማሽኑ የጉድጓድ ውሃ ሲጠጣ ስለከረመ ውስጡ የጀበና ቂጥ ላይ የሚጋገረው ዓይነት ነጭ ዝቃጭ ይዟል። በማጽጃ ታጥቦ፣ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) እና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል ተቀላቅሎ፣ የሂተሩ ቧንቧ ተከፍቶ ቀስ እያለ ተሞላ። ሞተሩ ቴርሞስታቱ እስኪከፈት ሠርቶ አየሩ ወጣ። በማግስቱ ጠዋት ከመነሳቱ በፊት ሲታይ 1 ሊትር ያህል ወርዶ ነበር፤ በዚያው ድብልቅ ተሞልቶ ወደ ሥራው ሄደ።