አራት ኪሎ ላይ ያፈራው ቡናዬና ያሳሳተኝ ግድግዳ

የመጀመሪያ ቡናዬን የለቀምኩት በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ነው። ከሁለት ዛፍ የተገኘው እሸት በሁለት እጄ ታፍሶ አለቀ። ተፈልፍሎ፣ ደርቆ፣ ተቆልቶ አንድ ጀበና ወጣው። ትንሽ ነው፤ ግን አራት ኪሎ ላይ ነው የበቀለው! ግቢያችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ቡና ደግሞ በአገራችን በብዛት የሚለማው ከ1,300 እስከ 2,000 ሜትር ባለው ከፍታ ነው።

ጎረቤት ጠራሁ። ቡናውን እየቀዳሁ ለሁሉም ያው አንድ ነገር ነበር የምናገረው። «አየሩ ተለውጧል፤ ይኸው ቡና አዲስ አበባ ገባ።»

ነገሩ የተጀመረው በጥር 2011 ነው። አክስቴ ከጅማ ስትመጣ ቀይ እሸት ቡና በፌስታል ይዛልኝ መጣች። ሥጋውን አጥቤ አነሳሁ። ፍሬውን በስሱ ሽፋኑ እንዳለ ጥላ ሥር አደረቅሁት። ቡና ለዘር ከተፈለገ ፀሐይ ላይ አይሰጣም፤ ብዙ መቆየትም የለበትም፣ የመብቀል ኃይሉ ይደክማል። 12 ፍሬ አፈር በሞላ ፕላስቲክ ውስጥ ቀበርኩ። ሁለት ወር ያህል ምንም አልታየም። ተስፋ ልቆርጥ ስል አንዱ ሽፋኑን እንደ ቆብ ደፍቶ ብቅ አለ። ከ12ቱ 9 በቀሉ።

ሐምሌ 22 አገሩ ሁሉ ችግኝ ሲተክል የእኔዎቹ ገና ከጣት አይበልጡም ነበር። እስከ ቀጣዩ ክረምት ጠበቅኳቸው። በሐምሌ 2012 ጠንካራ የመሰሉኝን አምስቱን መሬት ላይ አዋልኳቸው፤ ሦስቱን ግቢው መሃል፣ ሁለቱን ደቡብ በሚያየው የድንጋይ ግድግዳ ሥር። ቦታውን ስመርጥ ያሰብኩት ነገር አልነበረም። መሃሉ ላይ ለአምስት የሚበቃ ቦታ ስላልነበረ ብቻ ነው።

ኅዳር ገባ። የመስከረም ደመና ከሄደ በኋላ ሰማዩ ሌሊት ሌሊት ጥርት ይላል፤ መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ለሰማይ ይለቃል። የአዲስ አበባ ብርድ ያኔ ነው አጥንት የሚነካው። አንድ ጠዋት ስነሳ የመሃሎቹ ቅጠል በፈላ ውሃ የተነከረ መስሏል። በሳምንቱ ጠቆረ። ሁለቱ ሞቱ። አንዱ ከሥሩ እንደገና አቆጠቆጠ፣ ግን እስከ ዛሬ ጉልበቴን አላለፈም። የግድግዳዎቹ ግን ምንም አልሆኑም፤ ያደጉት፣ ያበቡት፣ ያፈሩትም እነሱ ናቸው።

ወደ ቡናው ልመለስ። ከተጠሩት መካከል ጡረታ የወጡ የግብርና መምህር ነበሩ። ሲኒያቸውን እንደያዙ ወጥተው ዛፎቹን ዞረው አዩ። ግድግዳውን በመዳፋቸው ነኩት። «ልጄ፣ ይህ ቡና የሚነግርሽ ስለ አየሩ ነው ወይስ ስለ ግድግዳሽ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። በነጋታው መርካቶ ወርጄ ሁለት ቴርሞሜትር ገዛሁ። አንዱን ግድግዳው ሥር፣ ሌላውን መሃል ላይ፣ ፀሐይ እንዳይመታቸው ከልዬ ሰቀልኳቸው። በ2017 ከኅዳር እስከ ጥር ንጋት 12 ሰዓት እየተነሳሁ በደብተር መዘገብኩ። በጣም በበረደው ጠዋት መሃሉ 5 ዲግሪ፣ ግድግዳው ሥር 9 ነበር። በአሥር እርምጃ ልዩነት 4 ዲግሪ! በብርዱ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ታጋድላለች። ደቡብ የሚያየው ድንጋይ ቀኑን ሙሉ ሲጠጣት ይውልና ሌሊቱን ቀስ እያለ ይለቃታል። ጎረቤት ያለው አስፋልትና ቆርቆሮም የራሱን ይጨምራል። ለሰው ሁሉ ያወራሁት ስህተት ነበር። ቡናውን ያፈራው ግድግዳው ነው።

ታዲያ አየሩ አልተለወጠም ማለት ነው? ተለውጧል። ግን የሚታወቀው በአንድ ግቢ ሳይሆን ለአሥርት ዓመታት በተያዘ መዝገብ ነው። የአገራችን አማካይ ሙቀት እንደ ፈረንጆቹ ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ በ1.3 ዲግሪ ገደማ ጨምሯል። 1.3 ምን ያህል እንደሆነ የገባኝ በከፍታ ሳሰላው ነው። 100 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ ሙቀት በግምት በ0.6 ዲግሪ ይቀንሳል። ስለዚህ ሙቀቱን ብቻ ካየን በቆላና በወይና ደጋ፣ በወይና ደጋና በደጋ መካከል ያለው መስመር 200 ሜትር ያህል ሽቅብ ወጥቷል ማለት ነው። ከአራት ኪሎ ታክሲ ይዞ በስድስት ኪሎ ሽሮ ሜዳ የወጣ ሰው ሹራብ የሚያስፈልገው የት ላይ እንደሆነ ያውቃል። ልዩነቱ እሱን ያህል ነው። አንድ ገበሬ ማሳው ካለበት ሳይነቃነቅ፣ በሙቀቱ ያን ያህል ቁልቁል የወረደ ያህል ሆኖበታል።

በ2017 እ.ኤ.አ. የለንደኑ የኪው ዕፅዋት ማዕከል ባለሙያዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር ያወጡት ጥናት አለ። ምንም ካልተደረገ፣ አሁን ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለቡና የማይመች ሊሆን ይችላል ይላል። ያው ጥናት ሌላም ይላል፦ ቡናው ወደ ላይ ከተዛወረና ደኑ ከተጠበቀ፣ የሚመቸው መሬት ቢያንስ አራት እጥፍ ሊሰፋ ይችላል።

ይህን ሳነብ ደስ ብሎኝ አክስቴ ዘንድ ደወልኩ። ዝም ብላ ሰማችኝና «ላይ ያለው መሬት እኮ ባለቤት አለው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ደጋው ላይ ገብስ አለ፣ ባቄላ አለ፣ ድንች አለ፣ የከብት ግጦሽ አለ። ቡና ሲወጣ ገብሱ የት ይሄዳል? ተራራ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ይጠባል። ደግሞ ቡና እንደ ጤፍ ዘንድሮ ዘርተው ዘንድሮ የሚያጭዱት አይደለም፤ ሦስት አራት ዓመት ያስጠብቃል። ያን ጊዜ ቤተሰቡ በምን ይኖራል? አክስቴን የሚያሳስባት ደግሞ ዝናቡ ነው። ቡና የሚያብበው ከበጋው በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው ነው። አንድ ቀን ዘንቦ አበባው ከወጣ በኋላ ለሳምንታት ከጠፋ፣ አበባው ይረግፋል። ይህን የእኔ ሁለት ቴርሞሜትሮች አይለኩትም።

እንደገና ብጀምር መጀመሪያ የምገዛው ቴርሞሜትር ነው። አንድ ዓመት ለክቼ ነበር የምተክለው። ዘሩንም ከጅማ ሳይሆን ከፍ ካለ ቦታ አስመጣ ነበር። ጥላንም ንቄ ነበር፤ ጥላ ከፀሐይ መከለያ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ቅርንጫፉ ሌሊትም ሙቀቱ ወደ ሰማይ እንዳያመልጥ ይይዛል። ገበሬው ቡናውን በዋንዛ ሥር የሚያቆየው ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን መሃል ላይ ከቀረችው ድንክ ዛፍ አጠገብ ዋንዛ ተክያለሁ። ወገቤ ደርሷል። ዙሪያዋን ደረቅ ሣር ጎዝጉዤላታለሁ፤ ሁለተኛው ቴርሞሜትርም ከጎኗ ነው። ዛሬ ንጋት 12 ሰዓት ላይ 8 ዲግሪ ይላል፤ በደብተሩ ላይ ጽፌዋለሁ።