ከቃሊቲ እስከ ባቦጋያ፦ ለረጅም ሰው የመጀመሪያዋን ሰርፍ ስኪ ስንመርጥ

ከቃሊቲ የተነሳነው ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ቢሾፍቱ ያለው የባቦጋያ ሐይቅ ውኃ ጸጥ የሚለው ጠዋት ነውና መዘግየት አያዋጣም። መኪናው ላይ ሰርፍ ስኪ የሚባሉ ሁለት የመቅዘፊያ ጀልባዎች ጭነናል። አንደኛዋ 5.5 ሜትር ርዝመትና 56 ሳንቲ ሜትር ወርድ አላት፤ ሁለተኛዋ 6.4 ሜትር ርዝመትና 43 ሳንቲ ሜትር ወርድ። አብሮን ያለው ወዳጃችን ቁመቱ 1.92 ሜትር ነው፤ ሎጅ ውስጥ በሚከራዩት ሰፋፊ ካያኮች ከመቅዘፍ ያለፈ ልምድ የለውም። አሁን የራሱን ሊገዛ ስለሆነ፣ የትኛዋ ዓይነት እንደምትሆነው ውኃው ላይ ተቀምጦ እንዲለይ ነው የምንሄደው።

ሰርፍ ስኪ ከላይ ክፍት የሆነች ረጅምና ቀጭን ካያክ ናት። ቀዛፊው ጎድጎድ ያለ መቀመጫ ላይ ይቀመጣል፣ እግሩን ዘርግቶ መርገጫውን ይረግጣል፣ ፔዳል እየገፋ ከሥር ያለውን መሪ ያዞራል። የተሠራችው ለባሕር ሞገድ ነው፤ ያሳደጓትም የባሕር ዳርቻ ነፍስ አድን ቀዛፊዎች ናቸው። ቢሾፍቱ ሞገድ የለም፤ ለጀማሪ ግን ይህ ጥቅም እንጂ ጉዳት አይደለም።

ከፍጥነት መንገዱ ይልቅ በገላንና በዱከም የሚያልፈውን አሮጌውን መንገድ መረጥን። የጭነት መኪና ይበዛበታል፤ ነገር ግን ቀስ ብሎ መንዳትም ቆሞ ማየትም ይቻላል። የፖርቶመጋላው ሁለት ብረቶች ተቀራርበው ከታሰሩ የጀልባዋ አፍንጫ ይወዛወዛል፤ 90 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ቢራራቁ ጥሩ ነው። ብረቶቹ ላይ ስፖንጅ ጠመጠምን፤ መሪው ብረት ላይ እንዳያርፍም አየን። ማሰሪያው ቀበቶ ጠፍጣፋ ሆኖ ከተወጠረ በንፋስ ይጮኻል፣ ይንቀጠቀጣል፤ አንድ ጊዜ ጠምዘዝ ሲደረግ ዝም ይላል። ከልክ በላይ የሚያጠብቅ ሰው ደግሞ ፋይበር ግላሱን ይሰነጥቃል። በእጅ ገፋ ሲያደርጓት ጀልባዋ ከመኪናው ጋር አብራ ከተነቃነቀች በቂ ነው። ዱከም ላይ ቆመን ስንነካው አንዱ ቀበቶ ላልቶ ነበር፤ ስፖንጁ ስለሚታመቅ የመጀመሪያዎቹ 20 ኪሎ ሜትሮች ላይ መላላቱ የተለመደ ነው።

ባቦጋያ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። ዳርቻው ቁልቁለት፣ ጥልቀቱም ከ60 ሜትር በላይ ነው፤ ከዳር ጥቂት እንደተቀዘፈ እግር መሬት አያገኝም፤ የወደቀ ሰው መልሶ ጀልባዋ ላይ መውጣት ያለበት እዚያው ውኃው ላይ ነው። ምርጫችንን የወሰነውም አንዱ ይህ ነው።

ውኃ ከመግባታችን በፊት ሣር ላይ ለካን። ጀልባዋን በቀጥታ መሬት ላይ አስቀምጦ መቀመጥ መሪውን ያጣምማል፤ ስለዚህ ሁለት አሮጌ ጎማ አስተኝተን መሪው በመካከላቸው እንዲንጠለጠል አደረግን። ወዳጃችን ቀጭኗ ላይ ሲቀመጥ መርገጫው መጨረሻው ቀዳዳ ላይ ደርሶም ጉልበቱ ደረቱ አጠገብ ቀረ። ጉልበት ሲቆለል መቅዘፊያው ጉልበት ይመታል፣ ወገብ ወደ ኋላ ይጎብጣል፣ እግርም መግፋት አይችልም። የሚፈለገው እንዲህ ነው፦ ሁለቱም ጉልበቶች ትንሽ ይታጠፋሉ፤ ቀኝ እግር ሲገፋ ቀኙ ጉልበት ይዘረጋል፣ የቀኙ ዳሌም ወደ ኋላ ይዞራል። ዳሌው መቀመጫው ውስጥ ካልዞረ፣ ቀዛፊው በክንድ ብቻ እየሠራ ነው፤ ትከሻው ብዙ አይቆይም።

እዚህ ላይ ቁመት ብቻውን እንደማይበቃ ሊታወቅ ይገባል። ሁለት ሰዎች እኩል 1.92 ሆነው፣ አንዱ እግረ ረጅም ሌላው ወገበ ረጅም ሊሆን ይችላል። ግድግዳ ተደግፎ ወለል ላይ ቁጭ ብሎ፣ ከወለል እስከ አናትና ከግድግዳ እስከ ተረከዝ በሜትር መለካት ነው። እግረ ረጅም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው መርገጫው እስከ የት እንደሚሄድ ነው። ወገበ ረጅም ሰው ክብደቱ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ያው ጀልባ ከአጭሩ ሰው ይልቅ እሱን ያንገዳግደዋል፤ ስለዚህ ወርድ ያስፈልገዋል። ጭኑ የሚታመም ሰው መቀመጫው ላይ ስፖንጅ ሲጨምር እናያለን። 1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ እንኳ ለረጅም ጀማሪ ብዙ ነው፤ ስፖንጁ በጎን በኩል ቢሆን ይሻላል።

ውኃው ላይ ልዩነቱ ወዲያው ታየ። ቀጭኗ ላይ ሁለቱንም እግሮቹን ውኃ ውስጥ አንጠልጥሎ ከመቀመጥ በቀር ምንም አልቻለም፤ እግሩን ወደ ውስጥ ሲያስገባ ይወድቃል። ሰፊዋ ላይ ግን ከ10 ደቂቃ በኋላ ወገቡን ለቀቅ አድርጎ መዞር ጀመረ። ፍጥነት የሚመጣው መቅዘፊያውን ሳይፈሩ መትከል ሲቻል ነው። እየተንቀጠቀጡ ፈጣኗን ጀልባ ከመያዝ፣ ተዝናንቶ ሰፊዋን መቅዘፍ ሩቅ ያደርሳል።

ከዚያ ሆን ብሎ መውደቅ። ላይፍ ጃኬት ለብሶ፣ ጀልባዋን በቁርጭምጭሚት ማሰሪያ ከእግሩ ጋር አያይዞ፣ ከመቀመጫው ጎን ይንሳፈፋል። አንድ እጅ የቅርቡን ጠርዝ ይይዛል፣ ሌላው ተሻግሮ የሩቁን። እግር ወደ ኋላ ተንሳፍፎ ውኃውን ጠንከር አድርጎ ይመታል፤ ሆድ መቀመጫው ላይ እስኪያርፍ ይገፋል። ከዚያ ዞር ብሎ በመቀመጫው ላይ በጎን ቁጭ፤ በመጨረሻ እግሮቹን ግራና ቀኝ አንጠልጥሎ ሚዛን ይይዛል። የሚያቅተው መካከለኛው ላይ ነው፤ ሰው ሆዱ ከማረፉ በፊት ለመቀመጥ ይቸኩልና ጀልባዋ ትገለበጣለች። በግራም በቀኝም አምስት አምስት ጊዜ ያልተወጣባት ጀልባ አትገዛ።

መቀመጫው ውስጥ የገባው ውኃ ከሥር ባለው ማፍሰሻ ይወጣል፤ የሚሠራው ግን ጀልባዋ ስትሮጥ ነው። ቆማ ከተከፈተ ውኃ ያስገባል። መቅዘፊያው ከ210 እስከ 220 ሳንቲ ሜትር የሚስተካከል ይሁን፣ ከአጭሩ በኩል ይጀመር፤ ምንም የማይተጣጠፈው የካርቦን ዘንግ ለጀማሪ ክርን ጠላት ነው።

ስለ መግዛት አንድ ነገር። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ውስጡ 5.9 ሜትር ገደማ ነው። 5.5 ሜትሯ ከጅቡቲ ሞጆ ደረቅ ወደብ ድረስ በዚያ ትገባለች፤ 6.4 ሜትሯ ባለ 40 ጫማ ትጠይቃለች፣ ወይም ተቆራርጣ የምትገጣጠም መሆን አለባት። ፋይበር ግላስ ብትጎዳ መለጠፍ ይቻላል። ፕላስቲኳ ድንጋይ ትችላለች፣ ግን ትከብዳለች፤ ፀሐይ ላይ ጠብቃ ከታሰረችም ትጣመማለች።

አራት ሰዓት ላይ ንፋሱ ሲነሳ ወጣን። ከመጫናችን በፊት የሁለቱንም የአየር ቡሽ፣ ማለትም ባዶውን የጀልባ ሆድ የሚዘጋውን ክዳን፣ ፈታን። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ሽቅብ ነው። አየሩ ሲሳሳ ጀልባዋ ውስጥ የታፈነው ይነፋል፣ መጋጠሚያውንም ይከፍታል። ከጅቡቲ የምትመጣ ጀልባ ቡሿ ተዘግቶ ከተጫነች ጉዳቱ የባሰ ነው፤ ላኪውን ክፍት እንዲተወው በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል።