የግድያ ልቦለድ ችሎቱ ላይ ሲደርስ

ጎንደር ፒያሳ ቡና ላይ የወንጀል ልቦለድ ሲነሳ አንዱ «ገዳዩን ገና መሃሉ ላይ አወቅኩት» ይላል፤ ሌላው «ፍርድ ቤቱ አላሳመነኝም»። የሚከብደው ሁለተኛው ቅሬታ ነው።

ታሪኩ የአሜሪካ ትንሽ ከተማ ከሆነ፣ በግድያ ክስ ጥፋተኛነትን የሚወስኑት ባብዛኛው ከነዋሪው የተመረጡ 12 ሰዎች፣ ማለትም ጁሪ፣ ናቸው። ጭንቀቱም እዚያ ነው፤ ሁሉም በሚተዋወቅበት ከተማ ሟችን የማያውቅ 12 ሰው ከየት ይመጣል? ይህንኑ ችሎት አዘዞ ላይ መትከል ግን ልቦለዱን ይገድለዋል። እኛ ዘንድ ጁሪ የለም፤ ጠበቃው ዞሮ የሚያስለቅሰው ሕዝብ የለም፤ ፍሬ ነገሩንም ሕጉንም የሚመዝነው ዳኛው ነው።

የራሳችን ሕግ በቂ ውጥረት አለው። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ችሎት ይቀርባል፤ ፖሊስ ምርመራውን ካልጨረሰ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን ያልበለጠ ቀጠሮ ይጠይቃል። ቀጥሎ ክሱ፦ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 539 ለከባድ ግድያ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት፣ በ540 ደግሞ ለተራ ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት። ስለዚህ መጥረቢያው በጠብ መሃል ከግቢው ጥግ ተነሣ ወይስ ከዋዜማው ተስሎ አደረ የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር የሰው ሕይወት ይወስናል። ብዙ ደራሲ ይህን ዘሎት ያልፋል፤ ያሳዝናል።

የተቃራኒ ወገን ምስክር የሚፈተንበት መስቀለኛ ጥያቄም እንዲሁ ይበላሻል። ጥሩ ጠበቃ «ዋሽተሃል» ብሎ አይጮህም። መሪ ጥያቄ፣ ማለትም መልሱን የሚጠቁም ጥያቄ፣ ተፈቅዶለታልና አንድ በአንድ ያጠብባል፦ መብራት ጠፍቶ ነበር አይደል? አጥሩ ከቤትህ 40 ሜትር ይርቃል አይደል? ፊቱን ጋቢ ሸፍኖት ነበር አይደል?