ስታብላይዘሩ ቀጭ ባለ ቁጥር

ለክረምት ጅማ እቤት መጥቻለሁ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ይወርዳል፣ መብራቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ከፍሪጁ ጀርባ ያለው ስታብላይዘርም ቀጭ ቀጭ ይላል። እማዬ ትናንት ቡና እየቆላች «ለመሆኑ ስራህ ምንድን ነው?» አለችኝ። ስታብላይዘሩን አሳየኋትና «ይኸው፣ ይሄ ነው» አልኳት። ውሸቴን ነው።

የምሰራው ፌምቶሰከንድ ሌዘር ላይ ነው፤ ርዝመታቸው በፌምቶሰከንድ የሚለካ አጫጭር የብርሃን ምቶች የሚተፋ ሌዘር ማለት ነው። ሰከንድን ለሚሊዮን ከፍለህ፣ አንዷን ቁራጭ እንደገና ለቢሊዮን ብትከፍላት 1 ፌምቶሰከንድ ታገኛለህ። በ100 ፌምቶሰከንድ ውስጥ ብርሃን ራሱ የሚሄደው 0.03 ሚሊሜትር ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሰጡኝ ሌዘር ወደ 5 ሜትር የሚሆን የተጠቀለለ ፋይበር፣ ብርሃን የሚሄድበት ቀጭን የመስታወት ክር ነበር፤ በሰከንድ 40 ሚሊዮን ምት ይተፋል። ምቱ የሚፈጠረው ብርሃኑ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ፣ ፖላራይዜሽኑ ማለት ነው፣ በልኩ ሲገጥም ነው። ጠዋት ፋይበሩን የሚያጣምሙትን ሦስት ክንፍ መሳይ ማዞሪያዎች ስጠመዝዝ፣ ስመልስ፣ እንደገና ስጠመዝዝ ቆይቼ ምቶቹን በስክሪን የሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተደርድረው ሲመጡ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ምሳ በልቼ ስመለስ የለም። ክፍሉ ትንሽ ሞቋል፣ አንዱ ደግሞ ሲያልፍ ፋይበሩን ነካ አድርጎታል። በቃ። ፋይበር ሲሞቅና ሲታጠፍ ፖላራይዜሽኑን ያዞረዋል።

ክንፎቹን በሞተር የሚያዞር ኮምፒውተር መግጠም ይቻላል። ያው የእማዬ ስታብላይዘር መሆኑ ነው፤ ነገሩ መጀመሪያ ይበላሽና ከዚያ ይስተካከላል። እኔ አይመቸኝም። የሚሻለው ሲሰራ ጀምሮ በውስጡ፣ ከብርሃኑ መንገድ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ዘንግ የተቀበረበት ፋይበር ነው። ዘንጎቹ ወጥረው ስለሚይዙት፣ ከእነሱ ጋር ተስተካክሎ የገባ ብርሃን በገባበት አቅጣጫ ይወጣል። ብታጥፈው፣ ብታሞቀው ደንታም የለው። ምቱን የማስጀመሩን ስራ ደግሞ ከሴሚኮንዳክተር ለተሰራ መስታወት ትተውለታለህ።

የፋይበሩ ርዝመት ግን አሁንም ይለወጣል። 1 ዲግሪ ሲሞቅ ከ40 ሚሊዮኑ ምት ጥቂት መቶ ይጎድላል። በሌዘሩ ብረት ለሚቆርጥ ሰው ምንም ማለት አይደለም፤ ሰዓት ለሚለካበት ግን ጉድ ነው። እዚያ ላይ በኤሌክትሪክ የሚለጠጥ ፒዞ ፋይበሩን እየሳበ ያስተካክለዋል፤ ስታብላይዘር ተመልሶ መጣ።

ይህን ሁሉ ለእማዬ በሦስተኛው ስኒ ላይ አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና «እንግዲያው» አለች፣ «እስቲ ስታብላይዘር የማያስፈልገው ፍሪጅ ስራልኝ።»