ኤም 10ን በኤም 10 ፒ ልለውጠው? ከጥር ሥላሴ እስከ ሐምሌ ሥላሴ የመዘንኩት ጉዳይ

በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር መጀመሪያ ላይ ለጥምቀት ከጀርመን ወደ ጎንደር የመጣ አንድ የሙያ ወዳጄ፣ ስድስት ዓመት የሠራሁበትን ላይካ ኤም 10 ካሜራዬን ከ1,200 ዶላር ጋር ብሰጠው የራሱን ላይካ ኤም 10 ፒ እንደሚለቅልኝ ነገረኝ። እርሱ 60 ሜጋፒክስል ወዳለው ኤም 11 ሊሸጋገር ስለ ነበር ካሜራው ከእጁ መውጣቱ አይቀርም ነበር፤ ለሌላ ሰው ከመሸጡ በፊት ለእኔ ማቅረቡን ግን እንደ ወንድምነት ቆጥሬለታለሁ። «እስከ ጥር 14 ድረስ አንተ ዘንድ ይቆይ፤ ሥራበት፤ ከዚያ በኋላ ትነግረኛለህ» ብሎ ካሜራውን አስረከበኝ።

በሁለቱ ካሜራዎች መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። ኤም 10 ለዓለም የተዋወቀው ጥር 10 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዕለቱ ታቦታቱን ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር የምንሸኝበት ከተራ ስለ ነበረ አልረሳውም። ኤም 10 ፒ የመጣው ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ፣ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ነው። ሁለቱም ምስሉን የሚቀበል ባለ 24 ሜጋፒክስል ሙሉ ፍሬም ሴንሰር አላቸው፤ ለብርሃን ያላቸው ስሜታዊነት፣ አይኤስኦ የሚባለው፣ ከ100 እስከ 50,000 ይደርሳል፤ ሁለቱም ቪዲዮ አይቀርጹም፤ የሚቀበሏቸው ሌንሶችም አንድ ናቸው። ፒ የጨመረው ድምፁ የለዘበ ሹተር (ፎቶግራፍ ሲነሣ ተከፍቶ የሚዘጋው መጋረጃ)፣ በጣት የሚታዘዝ ስክሪን እና ካሜራው መዝመሙን የሚያመለክት ልክ ነው፤ ከፊት ለፊት የነበረው ቀይ ክብ ምልክትም ቀርቶ የኩባንያው ስም በካሜራው አናት ላይ ተቀርጿል። ለገበያ ሲቀርቡ በአሜሪካ ኤም 10 በ6,595 ዶላር፣ ኤም 10 ፒ ደግሞ በ7,995 ዶላር ይሸጡ ነበር። ገዢው የጨመረው 1,400 ዶላር፣ ፎቶግራፉ በወረቀት ላይ ሲታተም የሚታይ አንድም ለውጥ አያመጣም ማለት ነው።

የእኔ 1,200 ዶላር ውጭ አገር ላለ አንድ አሳታሚ ከሸጥኳቸው ፎቶግራፎች የተጠራቀመ ነበር። በዚያ ሰሞን አንድ ዶላር በባንክ በ125 ብር አካባቢ ይመነዘር ስለ ነበር፣ ገንዘቡ 150,000 ብር ይሆናል። የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ቢሆን ኖሮ ይኸው ዶላር 70,000 ብር እንኳ አይሞላም ነበር። ቁጥሩን በብር ጽፌ ጠረጴዛዬ ላይ ያኖርኩት፣ 1,200 የሚለው ቁጥር ሲሰሙት ትንሽ መስሎ እንዳያታልለኝ ብዬ ነው።

ያም ሆኖ ልቤ ወደ ፒ ያደላ ነበር፤ ምክንያቱም ሥራዬ በአብዛኛው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። በማኅሌት ሌሊት ከበሮውና ጸናጽሉ ሲነሣ ማንም የካሜራ ድምፅ አይሰማም። ቁም ዜማ ሲሆን ግን፣ መሣሪያ በሌለበት አንድ ድምፅ ብቻ ጨለማውን ሞልቶ ሲሄድ፣ የሹተሩ ጠቅታ እንደ ድንጋይ ይወድቃል። በአንድ ሌሊት ዜማ የሚመሩ አንድ አባት በእኔ ጠቅታ አንገታቸውን ዘወር ሲያደርጉ ካየሁ በኋላ፣ በእንዲህ ያለው ሰዓት ካሜራዬን ማንሣት ትቼ ነበር።

አዲሱን ካሜራ ከመሞከሬ በፊት አንድ ሥራ ሠራሁ፤ ወደ ኋላ ሳስበው ከሁሉም የጠቀመኝ እርሱ ነው። ከመስከረም እስከ ጳጉሜን 2016 ያነሣኋቸውን ፋይሎች ከፍቼ፣ እጅግ ፈልጌአቸው ሳለ በጉድለት ምክንያት የጣልኳቸውን ፎቶግራፎች ለብቻ አወጣሁ። 63 ሆኑ። ከእያንዳንዳቸው ጎን የተጣሉበትን ምክንያት ጻፍሁ፤ 38ቱ ፎከሳቸው የሳተ፣ 17ቱ እኔ የዘገየሁባቸው፣ 5ቱ የዘመሙ፣ ሦስቱ ደግሞ በሌላ ምክንያት የተበላሹ ነበሩ። ድምፅን ፈርቼ ያላነሣኋቸው ግን ፋይል የላቸውም፤ ያልተነሣ ፎቶግራፍ ማኅደር ውስጥ አይገኝም። እነዚያን ለማስታወስ ሞክሬ ከአራት ሌሊት በላይ መቁጠር አልቻልኩም፤ ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ በድምፅ ምክንያት የተውኩትን ሁሉ በማስታወሻ ደብተር መመዝገብ ጀመርኩ።

ጥር 7 የቅድስት ሥላሴ ዓመታዊ በዓል ስለሆነ፣ ሁለቱን ካሜራዎች ለማወዳደር ከዋዜማው ሌሊት የተሻለ አልነበረም። የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅጄ በጥር 6 ሌሊት ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገባሁ። የጣሪያው ኪሩቤል በጧፍ ብርሃን ብቻ ይታዩ ነበር፤ በግድግዳው ሥዕል ምክንያትም ፍላሽ አይታሰብም። በአንደኛው ካሜራ 35፣ በሌላኛው 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ አድርጌ፣ ሌንሶቹን እያቀያየርኩ፣ በኤፍ 2 የሌንስ ክፍተት (ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ይሰፋል)፣ በአይኤስኦ 3200 እና በሰከንድ አንድ ሠላሳኛ ሠራሁ።

ስለ ድምፁ የተነገረው እውነት ነው። የእኔ ኤም 10 ሁለት ሦስት እርምጃ ርቆ ለቆመ ሰው ግልጽ ሆኖ ይሰማል፤ ፒው ግን ድፍን ያለና አጭር ድምፅ ስላለው፣ ሆን ብሎ ጆሮውን ያልሰጠ ሰው የሚያስተውለው አይመስለኝም። በቁም ዜማ ጊዜ በፒው ስድስት ፎቶግራፍ አነሣሁ፤ ማንም ዘወር አላለም። ሲነጋ፣ ከሁሉ በላይ ቀርቤ ያነሣኋቸውን መሪጌታ ወደ ደጀ ሰላሙ ሲወጡ ጠብቄ ጠየቅኋቸው።

«የኔታ፣ የካሜራዬ ድምፅ አስቸግሮዎት ይሆን?»

«ድምፁንስ አልሰማሁትም ልጄ። ከኋላው ቦግ የሚለው መብራት ነው እንጂ ዓይኔን የሚወስደው» አሉኝ።

መብራቱ፣ ፎቶግራፍ በተነሣ ቁጥር ምስሉን ለማሳየት በራሱ የሚበራው የጀርባ ስክሪን ነበር። በሁለቱም ካሜራዎች ላይ አለ፤ በሁለቱም ከቅንብሩ ገብቶ ማጥፋት ይቻላል፤ ዋጋ የለውም። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ ድምፅ ስጨነቅ፣ ዜማ በሚመሩ አባቶች ፊት በየጊዜው መብራት እያበራሁ ኖሬያለሁ። ያኔ አንገታቸውን ያዞሩት አባትም በድምፁ ይሁን በመብራቱ አሁን ማረጋገጥ አልችልም። የሚረበሸውን ሰው ቀርቤ ሳልጠይቅ ስለ ረብሻው መወሰኔ ትልቅ ስሕተት ነበር።

በማግሥቱ ፋይሎቹን በኮምፒውተር ስከፍት ግን ሚዛኑን ሊገለብጥ የደረሰ ነገር አየሁ። በፒው ከቅርብ የተነሡት ፊቶች ጥርት ብለዋል፤ የዲያቆኑ ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ይቆጠራል። በእኔ ካሜራ የተነሡት ግን ዓይኑ ለስልሶ ጆሮው ጥርት ያለባቸው ነበሩ። ከ63ቱ 38ቱ በፎከስ ምክንያት እንደ ጠፉ ገና ከጥቂት ቀን በፊት በእጄ የጻፍሁ ሰው ነኝና፣ በዚያ ጠዋት ለወዳጄ ደውዬ «ተስማምቻለሁ» ልለው ስልኬን አንሥቼ ነበር። የያዘኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ሴንሰሩ አንድ ዓይነት፣ ሌንሱም ያው ከሆነ፣ ጥራቱ ከየት መጣ?

ላይካ ኤም እንደ ሌሎች ዘመናዊ ካሜራዎች ፎከሱን በሞተር አይፈልግም። በሬንጅፋይንደር የሚሠራ በመሆኑ፣ ከሁለት መስኮት የሚገቡ ሁለት ምስሎች በመመልከቻው መካከል ይታያሉ፤ ፎቶግራፈሩ የሌንሱን ቀለበት እያዞረ ሁለቱን ምስሎች አንድ ላይ ሲያሳርፍ ፎከሱ ተያዘ ይባላል። የሌንሱን እንቅስቃሴ ወደ መመልከቻው የሚያደርሰው በካሜራው አፍ ውስጥ ያለ ትንሽ ተሽከርካሪ ያለው ክንድ ነው። ይህ ክንድ ወይም ከእርሱ ጋር የተያያዘው ክፍል በመውደቅ ወይም በንዝረት ጥቂት ከተዛነፈ፣ ዓይናችን «ገጥሟል» ያለው ምስል ሴንሰሩ ላይ አይገጥምም። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ በኤፍ 2፣ በአንድ ሜትር ርቀት ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ከ5 ሴንቲ ሜትር ስለማይበልጥ፣ ጥቂቷ መዛነፍ ፎከሱን ከዓይን ወደ ጆሮ ለመውሰድ ትበቃለች።

ጋዜጣ በጣውላ ላይ ለጥፌ፣ በሰያፍ አዙሬ፣ ካሜራዎቹን በየተራ በትራይፖድ ላይ በአንድ ሜትር ርቀት አቆምሁ። በመመልከቻው በአንድ የጽሑፍ መሥመር ላይ ፎከስ ሳደርግ የፒው ፎከስ በመሥመሩ ላይ በትክክል አረፈ፤ የእኔው ከመሥመሩ ወደ ኋላ ሸሸ። ከዚያ መመልከቻውን ትቼ፣ በጀርባ ስክሪን ምስሉን አጉልቼ ፎከስ ሳደርግ ሁለቱ ካሜራዎች ያወጡትን ምስል መለየት አልቻልኩም። ወደ ሰገነት ወጥቼ ከሩቅ ኮረብታ ላይ ወዳለው የቴሌ ማማ ስመለከት ደግሞ፣ ሌንሱ መጨረሻው ርቀት ላይ ሆኖ ሳለ በእኔ ካሜራ ማማው ሁለት ሆኖ ታየኝ። ካሜራዬ ያነሰው በሞዴሉ አልነበረም፤ ተዛንፎ ነበር።

የተዛነፈበትን ቀንም አገኘሁት። በየካቲት 2016 ወደ ደባርቅ ስጓዝ ቦርሳዬን በሚገባ ሳላስር ቀርቼ ከመቀመጫው ላይ ወድቆ ነበር፤ በላዩ የሚታይ ጉዳት ስላልነበረ ረሳሁት። ፎከስ የሳቱትን 38 ፎቶግራፎች በቀናቸው ስደረድራቸው 33ቱ ከዚያ ጉዞ በኋላ የተነሡ ሆኑ። ይህን ሳላረጋግጥ ለውጬ ቢሆን ኖሮ፣ ጥገና ያመጣውን ጥራት የአዲሱ ሞዴል ሥራ አድርጌ ለዘላለም ባመንኩ፣ ለሌሎችም ባስተማርኩ ነበር። ያገለገለ ዕቃን ከአዲስ ጋር ለማወዳደር የሚያስብ ሁሉ፣ በፊት የራሱን ዕቃ ወደ ጤንነቱ መልሶ ከዚያ በኋላ እንዲመዝን አጥብቄ እመክራለሁ።

የቀሩት ልዩነቶች ብዙ አላከራከሩኝም። በከተራና በጥምቀት ሁለት ቀን በፒው ብቻ ሠርቼ፣ ምስሉን በጣት ሁለቴ ነክቶ ማጉላት ከቁልፍና ከመሽከርከሪያ እንደሚፈጥን አየሁ፤ ይህን ከልቤ ወደድኩት። ውሃው ተባርኮ ወደ ሕዝቡ ሲረጭ ግን ስክሪኑ የራሰ ጣቴን አልታዘዘም። የልኩን ነገር ከግንባታ ዕቃ መደብር በገዛሁት፣ ግንበኞች በሚጠቀሙበት ዓይነት ትንሽ ውሃ ልክ ተካሁት፤ የግድግዳ ሥዕል ፎቶግራፍ ሳነሣ በካሜራው አናት ላይ አኖረዋለሁ። ቀዩ ምልክት በአራዳ ገበያ የማንንም ዓይን ሲስብ አላየሁም፤ ሰዎች ካሜራውን የሚያውቁት «የድሮ ካሜራ» ብለው ነው።

ጥር 14 ቀን ፒውን ለወዳጄ መለስኩለትና ያገኘሁትን ሁሉ አጫወትኩት። ጥቂት ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ «እንግዲያስ ያንተን ስጠኝ፤ እዚያ አስጠግኜ እልክልሃለሁ» አለኝ። የጥገናው ወጪ ከ1,200 ዶላሩ ሩብ አልሞላም፤ ካሜራው በግንቦት ወር በመንገደኛ እጅ ደረሰኝ። ከተረፈው ገንዘብ በከፊሉ ያገለገለ ቮይግትላንደር 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.4 ሌንስ ገዛሁ። ከኤፍ 2 ጋር ሲነጻጸር ብርሃኑን እጥፍ ስለሚያስገባ፣ በሰከንድ አንድ ሠላሳኛ እሠራ የነበረውን በአንድ ስድሳኛ እንድሠራ ያስችለኛል፤ ለሚንቀሳቀስ መቋሚያና ለሚወዛወዝ ጸናጽል ይህ ልዩነት ከስክሪን ሁሉ ይበልጥብኛል።

በእጄ ምንም ካሜራ ሳይኖር ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ያለ ማመንታት ፒውን እወስድ ነበር። የድምፁ ልዩነት እውነተኛ ነው፤ እንደ እኔ በጸሎት ቦታ ለሚሠራ ሰው የአንድ አምስተኛ ያህል ዋጋ ቢጨመርበትም አይበዛም። የእኔ ጥያቄ ግን ያለኝን ሰጥቼ፣ ያንኑ ምስል ለማግኘት 150,000 ብር ልጨምር ወይ የሚል ነበር።

በሐምሌ 6 ሌሊት፣ ለሁለተኛው የሥላሴ በዓል ዋዜማ፣ ዝናብ እየዘነበ ወደዚያው ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። የጀርባው ስክሪን ጠፍቷል፤ ሬንጅፋይንደሩ ቀንቷል። ማኅሌቱ ሲሞቅ ያነሣኋቸው ፊቶች በሙሉ ማለት ይቻላል ዓይናቸው ጥርት ያለ ነበር። ወደ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከበሮው ዐርፎ እኒያው መሪጌታ ብቻቸውን ዜማውን ሲያነሡ፣ መቋሚያቸውን ወደ ትከሻቸው አስጠግተው፣ የጧፉ ብርሃን በጥምጥማቸው ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ከሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሜ አየሁ። ፒው በእጄ ቢሆን አነሣው ነበር። ካሜራዬን ዝቅ አድርጌ ዜማውን እስከ መጨረሻው ሰማሁ፤ ቤቴ ስገባም በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ከዕለቱ ቀን ሥር «ቁም ዜማ፣ አንድ» ብዬ ጻፍሁ።